የተቃጠለ ዘይት አልደፋም ማለት የእምነት ጉዳይ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምሠራው ጋራዥ ውስጥ ነው። አለቃዬ ከመኪና የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ወደ ወንዝ በሚወርደው ቦይ እንድደፋ ያዝዘኛል። ሕሊናዬ ይወቅሰኛል፤ እምቢ ብል ግን እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ። ባልደረቦቼም «አንተ ብቻህን ወንዙን ልታድነው ነው?» ይሉኛል። ይህ በእውነት የእምነት ጉዳይ ነው ወይስ እኔ አካብጄው ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላካበድከውም። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። በቅዳሴም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ወንዙ ከጸሎትህ ውጭ ያለ ነገር አይደለም።

የባልደረቦችህ አነጋገር የብዙዎችን ልብ የሚያዝል ስለሆነ እርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ዘዳግም 22፥6-7ን አንብብ። መንገደኛ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። ልብ በል፤ ትእዛዙ በመንገድ ለሚያልፍ ለማንኛውም ሰው ነው። የሚያየው ላይኖር ይችላል፤ አንዲት ወፍ ስለተለቀቀችም የዓለም ወፎች ሁሉ አይድኑም። ሆኖም «መልካም እንዲሆንልህ ዕድሜህም እንዲረዝም» የሚል ተስፋ ተሰጥቶታል፤ አባትና እናቱን ለሚያከብር የተሰጠውን የመሰለ ተስፋ (ዘዳ. 5፥16)! ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። መንገደኛው የሚጠየቀው በእጁ ስላለችው ወፍ ነው፤ አንተም የምትጠየቀው በእጅህ ስላለው ባልዲ ነው።

ባልዲው ውስጥ ያለው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የተቃጠለ ዘይት ውኃው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይንሳፈፋል፤ አየር እንዳይገባ አግዶ በውኃው ውስጥ ያለውን ፍጥረት ያፍናል፤ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትም ይዞ ይወርዳል። ከታች ደግሞ ያንኑ ውኃ የሚጠጣ ሰውና ከብት ይኖራል። «ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን አትከተል» (ዘፀ. 23፥2) የሚለው ቃል እዚህም ይሠራል።

ድፍረት ግን ጠብ ማንሣት አይደለም። ኬንያዊቷ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊሠራ መታሰቡን ሲሰሙ ብዕር አንሥተው ለባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ። ብዙ ስድብ ደረሰባቸው፤ ሕንጻው ግን ሳይሠራ ቀረ።

አንተም አለቃህን በሰው ፊት አታሳፍረው። ጌታ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ያለውን አስበህ (ማቴ. 18፥15) ለብቻው አነጋግረው፤ መፍትሔም ይዘህ ግባ። ክዳን ያለው በርሜል ይቀመጥ፤ ዘይቱ ከውኃና ከቤንዚን ሳይደባለቅ ይጠራቀም፤ ተጣርቶ ዳግም ሊያገለግል ስለሚችል ለሚሰበስቡት ይሰጥ። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» በለው። አሻፈረኝ ካለ ግን «በሌላው ሥራ ሁሉ እታዘዛለሁ፤ ይህን ግን አልደፋም» በለው። ያዘዘ ሰው አብልጦ ይጠየቃል፤ የደፋውም እጅ ግን ነጻ አይሆንም። ነገሩ ከቀጠለ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ሐሜት አይደለም።

ፍርሃትህን አላቃልለውም፤ ሥራ ማጣት ከባድ ነው። ስለዚህ አለቃህን ከማነጋገርህ በፊት ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፤ እስካሁን የደፋኸውንም ንገራቸው። ከሥራ ብትወጣ ሌላ በመፈለግ ማገዝ የእኛ የምእመናን ግዴታ ነውና ለእኛም ከመናገር አትፈር።