ተሳቢህ ሲቆም በሩ እምቢ ካለ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢያችን ፊፍዝ ዊል አለው፤ አንገቱ ፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ትልቁ የመኖሪያ ተሳቢ ማለት ነው። ካምፕ ቦታ ደርሶ ውሃ ልኩን እያየ ያቆመዋል። ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ በሩ ደህና ይዘጋል። መኪናውን ፈትቶ ሲያወጣ ግን በሩ ላይኛው ጥግ ላይ ይነክሳል። ተሳቢው ሲፈታ ፊቱን ከሚሸከሙት ሁለት እግሮች ግራው ሸክም ሲቀበል ያቃስታል። ውስጥ ሰው ሲራመድ ወለሉ ይወዛወዛል። በሩ የሚዘጋለት የኋላውን ግራ ጥግ በክሪክ ሲያነሳው ብቻ ነው። የወሰደበት ጋራዥ ደግሞ "ማጠፊያው ነው" ብሎ የመቆለፊያውን ብረት ሞርዶ መልሶለታል።

ወንድሜ፣ በሩን ተወው። ተያይዞ ሲሆን የሚዘጋ፣ ሲፈታ የሚነክስ በር ራሱ ጤነኛ ነው። የእኔ ግምት፣ ሁለቱ የፊት እግሮችህ መሬት እኩል አይነኩም። ግራው ቀድሞ ይደርሳል፣ ሸክሙን ብቻውን ይቀበላል፣ ሻንሲውንም ይጠመዝዘዋል። የተሞረደው ብረት ሻንሲው ሲስተካከል ስለሚላላብህ አዲስ ትገዛለታለህ። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል፤ ያልታመመውን እያከሙ ገንዘብ መቀበል።

ለምን እንደሚጠመዘዝ ላብራራ፤ ይቺን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ተሳቢው ከመኪናው ጋር እያለ ክብደቱ የሚያርፈው ሦስት ቦታ ነው፦ የግራ ጎማዎች፣ የቀኝ ጎማዎችና ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም ፒክአፑ ላይ ካለው ማያያዣ ጋር የሚጋጠመው የአንገቱ ብረት። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገጫገጭም። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ይስማማል። መኪናውን ስትፈታ ግን በአንዱ ኪንግ ፒን ፋንታ ሁለት እግሮች ይመጣሉ። አሁን አራት ሆኑ፤ አራት ደግሞ እንዲሁ አይስማማም። ብዙ ተሳቢዎች ላይ ሁለቱን እግሮች የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር ነው፤ ወደ ሌላኛው እግር የሚያስተላልፍ ዘንግ አለው። ስለዚህ እኩል ይወርዳሉ፣ እኩል ይወጣሉ። መሬቱ በቀኝ በኩል ዝቅ ማለቱን ሞተሩ ከየት ያውቃል? ግራው ቀድሞ ሲነካ፣ ቀኙ መሬት እስኪያገኝ ድረስ የፊቱን ግራ ጥግ ወደ ላይ ይገፋዋል። ኋላው ጎማው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ዘሟል። መሃል ላይ ያለው የበር ፍሬም ምን ይሁን? ይጣመማል። የኋላውንም ግራ ስታነሳ ኋላው እንደ ፊቱ ዘመመ፣ ጥምዝማዜው ቀነሰ፣ በሩ ተዘጋ። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ምልክት ነው።

ለማረጋገጥ ሁለት ውሃ ልክ ይበቃሃል። አንዱን ፊት፣ ሌላውን ከጎማዎቹ በላይ ወለሉ ላይ አግድም አስቀምጥ። ከመፍታትህ በፊት ያሉበትን ምልክት አድርግ። ከፈታህ በኋላ እንደገና እይ። የፊቱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ነገሩ እዚያው ነው።

አሁን አቋቋሙ። መኪናው ሳይፈታ መጀመሪያ የጎን ለጎኑን ጨርስ። ዝቅ ያለው ጎን ላይ ያሉትን ጎማዎች በሙሉ ጣውላ ላይ አውጣ፤ አንዱን ጎማ ብቻ አይደለም። ጣውላው ከጎማው ስፋት የማያንስ ይሁን፣ የጎማው ጠርዝ እንዳይንጠለጠል።

ከዚያ ታኮ። በሁለቱም ጎን፣ ከጎማው ፊትም ኋላም። ተሳቢውን እስካሁን የያዘው መኪናው ነው። ኪንግ ፒኑን የያዘው የማያያዣው መንጋጋ ሲከፈት የሚይዘው ታኮህ ብቻ ይሆናል፣ የፊት እግሮቹ ደግሞ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተገፉ ይታጠፋሉ። ያቺን ውስጧ ባዶ የሆነች ርካሽ ፕላስቲክ ታኮ እርጥብ ሣር ላይ አትመናት፤ ትንሸራተታለች። ወፍራም ጎማ ወይም ድፍን እንጨት ይሻላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የሚወጠረውም ጥሩ ነው፣ ግን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ቀጥሎ የፊት እግሮቹ። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ በፒንና በቀዳዳ የሚረዝም ሌላ እግር አለ፤ ፒኑን ነቅለህ አውርደውና ሁለቱም ከመሬት እኩል እንዲርቁ አድርግ። የግራውና የቀኙ ቀዳዳ ቢለያይ ምንም አይደለም፤ መለያየትም አለበት፣ መሬቱ እኩል አይደለማ። በቀዳዳ የማይሞላውን ክፍተት ከእግሩ ሥር ጣውላ አስገብተህ ሙላው። ለስላሳ መሬት ላይ ሰፋ ያለ ጣውላ አድርግ፤ አለበለዚያ አንዱ ሌሊት ይሰምጥና ጠዋት በሩ እንደገና ይነክሳል። እግሩንም ብዙ አታስረዝመው፤ በጣም የተዘረጋ እግር ይወዛወዛል። ወለልህ የሚንቀጠቀጠው በከፊል ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩን ስትነካ ከጎን ቆመህ እይ፦ ሁለቱም አንድ ላይ መንካት አለባቸው። ካልነኩ መልስና አስተካክል።

ግራው ከዚህ በኋላም ካቃሰተ ዘንጉ ላይ ያለችውን ፒን ተመልከት። ብዙዎቹ ላይ ሸክም ሲበዛ እሷ እንድትሰበር ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው። አንዳንዱ "ደጋግማ ተሰበረች" ብሎ ጠንካራ ብሎን ያስገባበታል። ያን ጊዜ ፒኗ ትተርፍና የማርሹ ጥርስ ይበላል። እንዲህ ተደርጎ ካገኘህ አውጣና ትክክለኛውን መጠን አስገባ።

የኋላዎቹ ክሪኮች ለማንሳት አልተሠሩም። ሥራቸው ውዝዋዜን መያዝ ነው። የፊትና ኋላውን ደረጃ በፊት እግሮች ካስተካከልክ በኋላ መሬት እስኪነኩ አውርዳቸው፣ ትንሽ አጥብቅና ተው። ደጋግመህ ካነሳህባቸው የተያያዙበት ብረት ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል አንዴ እየው። ሲቆም ወደ ጎን የሚወጣ ተንሸራታች ክፍል ካለህ ሻንሲው ተጠምዝዞ እያለ አታውጣው፤ ሐዲዱ ላይ ይጨናነቃል። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ካለህም ሳይስተካከል አታብራው፤ ፈሳሹ በስበት ነው የሚዞረው፣ ዘሞ ከቆመ ማሞቂያው ውስጥ ይቆምና ያቃጥለዋል።

ስትነሳ የኋላ ክሪኮቹን አስቀድመህ ሰብስብ፣ ከዚያ መኪናውን አስገባ። ታኮውን ለማንሳት አትቸኩል። መንጋጋው ኪንግ ፒኑን አጥብቆ መያዙን ጎንበስ ብለህ በዓይንህ እይ፣ ቀስ ብለህ ወደ ፊት ሳብ አድርገህ ፈትሽ፣ የፊት እግሮቹን አንሳ፣ ከዚያ ታኮውን አውጣ።