አያቴ ያለ ክትባት 90 አልፈዋል፤ ታዲያ የድሮ ሰው ዕድሜ እንዴት 35 ይባላል?

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ወር ልጅ አለችኝ። 90 ዓመት ያለፋቸው አያቴ «እኛ ያለ ክትባት ነው ያደግነው» እያሉ የኩፍኙን ክትባት እንዳላስወጋት ይከለክሉኛል። ትምህርት ቤት ደግሞ የዚያ ዘመን ሰው አማካይ ዕድሜ 35 ገደማ ነበር ተብለን ተምረናል። የቱ ነው እውነቱ?
እናት ነኝ፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአገራችን አማካይ ዕድሜ 35 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ሰው በ35 ዓመቱ ያረጅ ነበር ማለት ግን አይደለም። የእኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው በ1932 ሲያርፉ 70 ገደማ ሆኗቸው ነበር።

አማካዩን ቁልቁል የሚጎትተው የሕፃናት ሞት ነው። እስቲ አስዪው፦ ከአሥር ልጆች አራቱ በአንድ ዓመታቸው ቢሞቱ፣ ስድስቱ 65 ቢደርሱ፣ አማካዩ 39 ገደማ ይሆናል። በ39 ዓመቱ የሞተ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

በአዋላጅነት ስሠራ እናቶችን «ስንት ወለድሽ?» ካልን በኋላ «ስንቱ አሉ?» ብለን እንጽፍ ነበር። ሁለቱ ቁጥር እኩል የሆነላት ትልቅ እናት ብርቅ ናት። ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ እትብት መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ከጊቤ ቆላ ወባ አለ። ኩፍኝ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ዓይኑ የቀላ ሕፃን ሽፍታው ሳይጠፋ የሳንባ ምች ይይዘውና በተነፈሰ ቁጥር የጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። ያንን ያየ አይረሳውም። በወሊድ የሚሞቱ እናቶች፣ በሳንባ ነቀርሳ የሚያልቁ ጎልማሶችም ነበሩ፤ የሕፃናቱን ያህል አማካዩን ያወረደ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት ነው ይህ።

አያትሽ የተረፉ ናቸው፤ ያልተረፉት መጥተው አይመሰክሩም። ስንት ወንድምና እህት እንደነበሯቸው፣ ስንቱ በልጅነት እንደቀሩ በእርጋታ ጠይቂያቸው። ሐዘን ነውና ለክርክር አታድርጊው።

ልጅሽን ግን በዚህ ሳምንት አስከትቢያት። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሯ ነው፤ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢታይባት አትደንግጪ፣ በአንድ በሁለት ቀን ይለቃታል።