ሰርቪስ ሆስት ዳታ ሲበላ፦ ከፎርማት በፊት ውስጡን እዪ

ከደንበጫ የጠየቅሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን እንዲህ ነው የተረዳሁት። ላፕቶፕሽን ከስልክሽ ሆትስፖት ጋር ስታገናኚው አንድ ኢሜይል እንኳ ሳትልኪ የገዛሽው ፓኬጅ ያልቃል። ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝረውን መስኮት) ስትከፍቺ «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ተደርድሮ ታያለሽ፤ አንደኛው ኔትወርኩን ሲጎትት ይታያል። «ኤንድ ታስክ» ብለሽ ብትዘጊው ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ከመለሱልሽ ሰዎች አንዱ «ቫይረስ ነው» ሲል ሌላው «ፎርማት አስደርጊውና ተገላገዪ» ብሎሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር በመጠገን ነው የምተዳደረው፤ ይህ ጥያቄ ከብቸናም፣ ከደጀንም፣ ከአማኑኤልም እየመጣ ስለሚያጋጥመኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ፎርማቱን፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫኑን፣ ለጊዜው ተዪው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ኢንተርኔት እንዳገኘ የሚሠራው ሥራ ቢኖር የጎደለውን አፕዴት፣ ድራይቨርና የስቶር አፕ ሁሉ እንደ አዲስ ማውረድ ነው። ችግርሽ የዳታ ማለቅ ከሆነ ፎርማት ይብስበታል እንጂ አያሽለውም። ይህን ስል የራሴን ገበያ እየዘጋሁ እንደሆነ ይታወቅልኝ፤ ፎርማት ለእኛ ለጠጋኞች ቀላል ገንዘብ ነው። በማግስቱ ላፕቶፑ ከበፊቱ የባሰ ሲበላ ደግሞ «እንግዲህ ሃርድ ዲስኩ ነው» ይባልና ሌላ ወጪ ይከተላል። ባክአፕ ያልተደረገ የፈተና ጥያቄና የማርክ ዝርዝር አብሮ ጠፍቶ ያለቀሰ መምህርም አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሰርቪስ ሆስት። ዊንዶውስ ከጀርባ የሚያሠራቸው ሰርቪሶች አብዛኞቹ ራሳቸውን ችለው የሚነሡ ፕሮግራሞች አይደሉም። ዲኤልኤል በሚባል ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ አስነሥቶ የሚያኖራቸው ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ነው ሰርቪስ ሆስት። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ የሚኖርበትን ግቢ አስቢ፤ የመብራት ሒሳቡ የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ጥዶ የዋለው ግን ከተከራዮቹ አንዱ ነው። አንቺ ታስክ ማናጀር ላይ ያየሽው የባለቤቱን ስም ነው።

ስሙ ተደጋግሞ መታየቱም አያስደንግጥሽ። ድሮ ብዙ ሰርቪሶች በአንድ ሆስት ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 ክሪኤተርስ አፕዴት ወዲህ ግን ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ የሆነ ኮምፒውተር አብዛኞቹን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ፣ ጥፋተኛውም በቀላሉ እንዲለይ ነው የተደረገው። ባለ 2 ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አሁንም እንደተጨናነቁ ታገኛቸዋለሽ።

ስለዚህ «ሰርቪስ ሆስትን እንዴት ላጥፋ» የሚለውን ትተሽ «ውስጡ ያለው ማነው» በዪ። ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ከላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ጽሑፍ አንዴ ስትነኪው ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ከሰርቪስ ሆስት በስተግራ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኚ ደግሞ በውስጡ ያለው ሰርቪስ በስሙ ይታያል። ቁጥሩ እየዘለለ አልጨበጥ ካለሽ ስታርት ላይ «ሪሶርስ ሞኒተር» ብለሽ ፈልጊና ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ክፈቺ። እዚያ እያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ከነመለያ ቁጥሩ ይታያል፤ «ሴንድ» የሚለው የሚልከውን፣ «ሪሲቭ» የሚለው የሚቀበለውን ይነግርሻል። ሁለቱን ለይተሽ ማየትሽ ኋላ ይጠቅምሻል። የመለያ ቁጥሩን ይዘሽ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሰርቪስስ» ወደሚለው ክፍል ከሄድሽ ያ ቁጥር የማን እንደሆነ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ብዙ ጊዜ ዳታ ሲበሉ የሚገኙት ሦስት ናቸው፦ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር ሰርቪስ እና ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን።

መካከለኛው፣ በአጭሩ ቢትስ የሚባለው፣ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። ጠባዩን ካወቅሽ «ሳልነካው ያልቃል» ያልሽው ነገር ይገባሻል። የተሠራው አንቺ ያልተጠቀምሽበትን የኔትወርክ ፍጥነት እየለቀመ ፋይል እንዲያወርድ ነው። ብራውዘር ላይ ሥራ ስትጀምሪ ረገብ ይላል፤ ቡና ልታፈዪ ስትነሺ መንገዱ ክፍት ይሆንለትና ይሮጣል። ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ይህ ጨዋነት ነው፤ በጊጋ ለምንገዛ ለእኛ ግን በሌለንበት ማውረዱ ነው ጣጣው። አንድ ነገር ግን ላመሰግነው ይገባል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ ያወረደውን አይጥልም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እንደኛ መብራት ለሚመጣበትና ለሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤንድ ታስክ ስትዪው የሚመለሰውም ለዚሁ ነው፤ ያልተጨረሰ ሥራ ስላለው ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ያስነሣዋል። ደግሞ በጭፍን ኤንድ ታስክ ማለት ጥሩ አይደለም። ዋይፋዩን የያዘውን ሰርቪስ ብትዘጊው ግንኙነትሽ ይቋረጣል። ዲኮም ላውንቸር የሚባለውን የያዘውን ከነካሽው ደግሞ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና ያላስቀመጥሽው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል።

ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ግን ለየት ይላል፤ ማውረድ ብቻ ሳይሆን መላክም ያውቃል። አንድ ኮምፒውተር ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እያካፈለ የማይክሮሶፍትን ሰርቨር ሸክም የሚያቃልል ሰርቪስ ነው። እዚህ ማርቆስ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት «ኢንተርኔታችን ከሰዓት በኋላ ይሞታል» ብለው ጠርተውኝ ነበር። ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ነው የሚሠሩት። በአንደኛው ላይ ሪሶርስ ሞኒተርን ስከፍት ሪሲቭ የሚለው ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ ሴንድ ግን ያለማቋረጥ ይሮጣል። ከታች የግንኙነቶቹን ዝርዝር ስናይ ፖርቱ (የግንኙነቱ የበር ቁጥር) 7680 ነው፤ ይህ የዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፖርት ነው። ሴቲንጉን ስንከፍት ማካፈያው «በአካባቢው ኔትወርክና በኢንተርኔት ላሉ ኮምፒውተሮች» የሚለው ላይ ነበር። ቤቱ በከፈለበት መስመር የማያውቁትን ሰው አፕዴት ሲያደርሱ ይውላሉ ማለት ነው። «በአካባቢው ኔትወርክ ብቻ» ወደሚለው ስንቀይረው ሴንድ ወዲያው ወረደ። ጨርሶ ያላጠፋሁት አውቄ ነው፤ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ሲወስዱ ቤቱ ያተርፋል። ለዚህ ግን ኮምፒውተሩ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ያነሰ ካለው በመደበኛው አሠራር አያካፍልም። የትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል በአንድ ራውተር የሚሠራ ከሆነ ይህን ለአይሲቲ መምህሩ ንገሪው።

አንቺ ዘንድ ብቻውን ያለ ላፕቶፕ ስለሆነ ማካፈሉን ሙሉ በሙሉ ዝጊው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ብለሽ ትደርሺበታለሽ።

ዋናው መፍትሔሽ ግን ይህ ሳይሆን «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚባለው ነው። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ሆትስፖትሽን ከቢሮ ዋይፋይ ለይቶ አያውቀውም፤ ዳታው በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን አንቺ ልትነግሪው ይገባል። ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኘሽ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ ግቢ፤ የተገናኘሽበትን ስም ተጭነሽ ሜተርድ የሚለውን አብሪው። ከዚያ በኋላ አፕዴቱ በአብዛኛው ይቆማል፣ ስቶሩም አፕ ማደሱን ይተዋል። በአብዛኛው ያልኩት ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሚላቸውን ጥቂት አፕዴቶች እንዲህም ሆኖ ሊያወርድ ስለሚችል ነው።

ሰዎች «አድርጌዋለሁ፣ አልሠራም» የሚሉኝ እዚህ ላይ ነው። ሜተርድ የሚሰጠው ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለዚያ ለአንዱ ኔትወርክ ስም ነው። የሆትስፖትሽን ስም ከቀየርሽ፣ የወንድምሽን ስልክ ከተጠቀምሽ፣ ወይም ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብለሽ እንደገና ከገባሽ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይቆጥረዋልና ድጋሚ ማብራት ነው። ሌላው፣ ስልኩን በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዘው ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚጠቀሙ አሉ። በገመድ ሲሆን ዊንዶውስ የሚያየው ዋይፋይ ሳይሆን ኢተርኔት ነው፤ ዋይፋዩ ላይ ያበራሽው ሜተርድ እዚያ አይደርስም። ኢተርኔት ውስጥ ገብተሽ ለብቻው አብሪው። ባትሪ ለመቆጠብ ብለው በገመድ የሚሠሩ ሰዎች ዳታቸው የሚፈስሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ሜተርድን ሁሉም ፕሮግራም አያከብረውም። ቴሌግራም ከግሩፕ የሚመጣውን ቪዲዮ በራሱ ካወረደ ጥፋቱ የሰርቪስ ሆስት አይደለም፤ እሱ በራሱ ስም ነው የሚታየው። አውቶማቲክ ማውረዱን ከራሱ ሴቲንግ ዝጊበት። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ክፍል ደግሞ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም የበላውን ያሳያል፤ ከመጨቃጨቅ እሱን ማየት ይሻላል።

ዲኤንኤስ ክላየንት፣ ዲኤችሲፒ ክላየንት፣ ኔትወርክ ሎኬሽን አዌርነስ የሚሉትን ስታዪ አትንኪያቸው። የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይሩ፣ ላፕቶፑ አድራሻ እንዲያገኝ የሚያደርጉ ናቸው፤ የሚበሉት ከቁጥር አይገባም። ከታች በቀኝ «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ምልክት ራሱ የሚመጣው ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት አንዲት ሚጢጢ የጽሑፍ ፋይል ለማምጣት ሞክሮ ሲያቅተው ነው።

«ቫይረስ ነው» ላለሽ ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። በዚህ ስም መደበቅ የቆየ ዘዴ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚከፍተውን ምረጪ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሲስተም 32 ፎልደር ከወሰደሽ እውነተኛው ነው። (ሲስዋው 64 የሚባለውም የዊንዶውስ ነው።) ቴምፕ ወይም ዳውንሎድ ፎልደር ከወሰደሽ፣ ወይም በፋይሉ ስም (svchost.exe) ውስጥ ሁለት ፊደል ቦታ ከተለዋወጠ አስመሳይ ነው። ግን ቦታው ትክክል ሆኖም በውስጡ የተጫነው ዲኤልኤል መጥፎ ሊሆን ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ እንዲህ ነበር፤ እውነተኛው ሰርቪስ ሆስት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከኔትወርክ በተጨማሪ በፍላሽም ይተላለፋል። ስለዚህ የሰርቪሱ ስም ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ከሆነ ወይም ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ) በራሱ ጠፍቶ ካገኘሽው የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስነሺ። ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) የጫንሽበት ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ።

አፕዴቱን ለዘላለም ዝጊው የሚልሽን ግን አትስሚ። ኮንፊከር የገባበት ቀዳዳ መድፈኛው አስቀድሞ ጥቅምት ወር ላይ ወጥቶ ነበር፤ በኅዳር የተያዙት ያልጫኑት ናቸው። ማይክሮሶፍት ወርኃዊ አፕዴቱን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ባሉት ቀናት ዳታ ከወትሮው በላይ ካለቀብሽ ምክንያቱን አውቀሻል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምንም ሳያወርዱ የከረሙ ላፕቶፖች፣ ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ሊጎትቱ ተነሡ፤ ያኔ «ላፕቶፔ አበደ» ያለኝ ሰው ብዙ ነበር።

አፕዴቱ ወርዶ ወርዶ እዚያው አንድ ቁጥር ላይ ከተገተረና በማግስቱ ያንኑ ደግሞ ካወረደ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሰርቪስስ ውስጥ ገብተሽ ዊንዶውስ አፕዴትንና ቢትስን አቁሚያቸው፤ ከዚያ ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን ውስጥ ያለውን የዳውንሎድ ፎልደር ይዘት ብቻ አጥፊና መልሰሽ አስነሻቸው። እንደገና ስለሚያወርድ ይህን በሆትስፖት አታድርጊው።

እስከዚያው አፕዴቱን «ፖዝ» አድርጊው፤ እስከ 5 ሳምንት ይፈቅዳል። ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስታገኚ፣ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተሽ አፕዴት ፈልግ በዪው፤ ወርዶ፣ ተጭኖ፣ ሪስታርት እስኪል ድረስ አትዝጊው። ሪስታርት ካደረገ በኋላም አንዴ ድገሚው፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚወጣ ሌላ አይጠፋም።