መልስ፦ የደፈረሰ የፊት መብራት በጥርስ ሳሙና ይጠራል ወይ?

ወንድሜ፣ የቪትዝ መኪናህ የፊት መብራት ደፍርሶ ማታ መንገዱ አልታይህ ካለ ቶሎ አስተካክለው። የጥርስ ሳሙናው ለጊዜው ያጠራዋል፣ ግን አይቆይም። ሽፋኑ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከፋብሪካ የተቀባውን መከላከያ ፀሐይ ሲበላው ቢጫ ይሆናል።

ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ከዚያ በውሃ እየራሰ በሚሠራበት የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይለሰልሳል)፣ መጀመሪያ በ800፣ ቀጥሎ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር፣ ውሃ ሳይለየው እሸው። መጀመሪያ ወተት የመሰለ ቢጫ ውሃ ይወርዳል፣ መብራቱም ከበፊቱ ብሶ ይነጣል። አትደንግጥ፣ እኔም እዚህ ጋ ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። ውሃው ነጭ ብቻ ሲሆን ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፍ፤ በመጨረሻ በፖሊሽ ወልውለው።

ፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው መሸፈኛ ቅብ) ሳትቀባው ግን እንዳትተወው፣ ያለሱ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ጉሙ ከውስጥ ከሆነ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ማሸጊያውን ለመካኒክ አሳይ።