ያገኘሽው ነጭ 5 ፓውንድ የጀርመን ፎርጅድ ነው ወይስ እውነተኛ? (ረጅም መልስ ነው ይቅርታ)

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ስልክ ላይ ብዙ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ቤት እስክገባ ጠበቅኩ። ካር ቡት ሴል (ሰው አሮጌ ዕቃውን በመኪና አምጥቶ የሚሸጥበት ገበያ) ላይ ከገዛሽው አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ የተጻፈበት ትልቅ ነጭ 5 ፓውንድ ወጣ፣ 1936 ይላል፣ ጎረቤትሽ ደግሞ "ይሄ ሂትለር ያሳተመው ፎርጅድ ነው ጣይው" አለሽ። በመጀመሪያ እንዳትጥይው! ሁለተኛ፣ ይሄን ከሁሉም በፊት የምለው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፣ "እስቲ ይዩልኝ" ብለሽ ባንክ እንዳትወስጂው። እውነተኛ ከሆነ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ዛሬም 5 ፓውንድ ይከፍልሻል (የእነሱ አሮጌ ብር ቀነ ገደብ የለውም፣ እንደኛ የ2013ቱ ለውጥ በሦስት ወር ወረቀት አይሆንም)፣ ግን ሰብሳቢ ከመቶ ፓውንድ በላይ የሚሰጥበትን ነገር በ5 ፓውንድ ሸጥሽው ማለት ነው። ፎርጅድ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያስቀሩታል፣ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ።

አሁን ወደ ነገሩ። ጎረቤትሽ ያለው ተረት አይደለም፣ በርግጥም ተደርጓል። ጀርመኖች በ1940 ጀምረው አቋረጡት፣ ከዚያ በ1942 በርንሃርድ ክሩገር የሚባል የኤስኤስ (የናዚዎቹ ልዩ ኃይል) መኮንን እንደገና አስነሳው፣ ለዚህ ነው ኦፕሬሽን በርንሃርድ የሚባለው። ሠሪዎቹ የዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው፣ ከ140 በላይ አይሁዶች፣ አታሚ፣ ሥዕል ቀራጭ፣ የባንክ ሠራተኛ እያሉ ከየካምፑ ለቅመው ብሎክ 18 እና 19 ውስጥ ዘጉባቸው። የ5፣ የ10፣ የ20 እና የ50 ፓውንድ ኖት ሠሩ፣ ጠቅላላው ወደ 9 ሚሊዮን ኖት፣ ከ130 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። መጀመሪያ የታሰበው በአውሮፕላን እንግሊዝ ላይ በትኖ ኢኮኖሚውን ማናጋት ነበር፣ በኋላ ግን ለሰላይና ለዕቃ ግዢ አዋሉት። አንካራ ያለውን የእንግሊዝ አምባሳደር አሽከር "ሲሴሮ" ብለው ቀጥረው ሰነድ ሲያሰርቁት የከፈሉት አብዛኛው ይሄው ፎርጅድ ነበር፣ ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመንን መንግሥት ከሰሰ፣ ምንም አላገኘም። ሌባ ሌባን ሰረቀ በይው።

እንዴት ተነቃባቸው ካልሽ፣ በወረቀት አይደለም በመዝገብ ነው። ባንኩ የከፈለውን እያንዳንዱን ኖት ቁጥር መዝግቦ ይይዝ ነበር፣ በ1943 አንድ ኖት መጣና መዝገቡ ሲታይ ያ ቁጥር ድሮ ተከፍሎ አልቋል። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይሞትም! ከዚያ በኋላ ባንኩ ከ5 ፓውንድ በላይ ያለውን ኖት ማውጣት አቆመ፣ የ10 ፓውንድ ኖት እንግሊዝ አገር ተመልሶ የወጣው በ1964 ነው። ፎርጅዱ ምን ያህል እንዳስደነገጣቸው ከዚህ እዪው።

ያንቺን ለመለየት ደግሞ ከቀላሉ ልጀምር። ከታች በቀኝ በኩል የባንኩን ዋና ገንዘብ ያዥ ፊርማ እዪ። 1936 ከሆነ ፔፒያት የሚል መሆን አለበት፣ ሰውየው ከ1934 እስከ 1949 ነበር። ቢል ወይም ኦብራየን የሚል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ናቸው፣ የጀርመን ሊሆን አይችልም ብለን እዚሁ እንጨርስ ነበር። እንደዚሁ ወረቀቱ ውስጥ የብረት ክር ካለም የጀርመን አይደለም፣ ባለ ክሩ 5 ፓውንድ ያኔ የጀርመኖቹ ሥራ ካለቀ በኋላ የወጣ ነው። ያንቺ ግን ፊርማው ፔፒያት ከሆነ፣ በቀኑም በፊርማውም የጀርመኑ ሊሆን ከሚችለው ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ እውነተኛ፣ የዛክሰንሃውዘን፣ ወይም ትናንት የታተመ ማስመሰያ። ሰው ሦስተኛውን ይረሳል እኮ፣ እኔም ረስቼ ነው የተበላሁት።

ልንገርሽ። የዛሬ 14 ዓመት አካባቢ፣ ገና ሚኒካብ (ታክሲ) መንዳት ስጀምር፣ አንድ ገበያ ላይ "የሂትለር ብር" ብሎ አንዱ 60 ፓውንድ ሸጠልኝ። ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ጫፉ የተቃጠለ የሚመስል፣ በቃ ጦርነት ጦርነት ይሸታል። ለባለቤቴ አሳየኋት፣ እሷ "ይሄን ብር ለሳምንት አስቤዛ ብትሰጠኝ" ብላ ዝም አለች። በወሩ የባንክ ኖት ሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ ይዤው ሄድኩ፣ አንድ ሽማግሌ ዲለር ተቀብሎኝ ወደ መብራት አነሳው፣ ሦስት ሰከንድ አይሞላም፣ መለሰልኝና ከጠረጴዛው ስር ትንሽ የዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ አውጥቶ አበራበት። እህቴ፣ ወረቀቱ ዳንስ ቤት እንደ ገባ ነጭ ሸሚዝ ቦግ አለ! ቡናማው ሻይ ነው፣ ወይም ቡና፣ ዋተርማርኩ (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ መቅረት የነበረበት ምልክት) ከኋላው በግራጫ ቀለም የታተመ ነው። ፎርጅድ ብዬ የገዛሁት የፎርጅዱ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ስቄ ልውጣ ወይ አልቅሼ ልውጣ አላውቅም ነበር። አሁንም አለኝ፣ አልበሜ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ዩቪ ነው፣ አማዞን ላይ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል፣ ጨለማ ክፍል ግቢና አብሪበት። ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ዘመናዊ ወረቀት ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። እውነተኛውም የጀርመኑም ደብዘዝ ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ሁለቱም የቡትቶ ወረቀት ናቸው። እዚህ ላይ የጀርመኖቹ ነገር ይገርመኛል። የእንግሊዝ ወረቀት ከጨርቅ እንደሚሠራ ደረሱበት፣ ከአዲስ ጨርቅ ሠሩት፣ ተመሳሰለ ግን በዩቪ ሲታይ መልኩ ትንሽ ይለያል። ከዚያ ነቁ፣ እንግሊዞቹ የሚጠቀሙት ያረጀ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እየጠረጉበት አቆሸሹት፣ አጠቡት፣ ከዚያ ወረቀት አደረጉት፣ ያኔ ገጠመ። ልብስ ማጠብ ታውቂ የለ፣ ነጠላ አሥር ጊዜ ሲታጠብ የሚያመጣው መልክ አዲሱ ላይ አይገኝም፣ እሱው ነው ነገሩ።

ሁለተኛ ጫፎቹን በጣትሽ ዳሺ። ነጩ 5 ፓውንድ ሁለት ሁለት ሆኖ ታትሞ መሃሉን ስለሚቆረጥ ሦስት ጎኑ ሻካራና ያልተስተካከለ ነው፣ አንዱ ብቻ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው። አራቱም ቀጥ ካለ ወይ ተከርክሟል ወይ ማስመሰያ ነው። መጠኑ ወደ 21 ሳንቲሜትር በ13 መምጣት አለበት። ወደ መስኮት ብታነሺው ዋተርማርኩ ላይ የሚሞገድ መስመርና የባንኩ ስም ከወረቀቱ ውስጥ ይታያል፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽው ከታየሽ ግን ታትሟል ማለት ነው። ሉፕ ካለሽ (የሰዓት ሠሪ ማጉያ ይበቃል) ጥቁሩን ፊደል እዪ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ከሆነ የኮምፒውተር ፕሪንተር ነው። አንዳንዱ ደግሞ "እውነተኛ ብር በጣት ሲዳሰስ ጎርበጥ ይላል" ይልሻል፣ ነጩ ፓውንድ ላይ አይሠራም፣ የህትመቱ ዓይነት ሌላ ነው፣ ለስላሳ ነው ብለሽ አትደንግጪ።

እዚህ ድረስ ካለፈ ከባዱ ይመጣል፣ እውነተኛውን ከዛክሰንሃውዘኑ መለየት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በፎቶ ብቻ "እሱ ነው" የሚልሽን ሰው አትመኚ፣ እኔንም ጨምሮ። የሚታየው በግራ ከላይ ያለችው የተቀመጠችው ሴትዮ ናት፣ ብሪታኒያ። ጀርመኖቹን ከሁሉም በላይ ያደከመቻቸው እሷ ናት። እኔ የማደርገው የተረጋገጠ እውነተኛ ኖት ስካን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ጎን ለጎን ፊቷን፣ ዓይኗን፣ ዘውዱን አወዳድራለሁ፣ የፎርጅዱ መስመር ትንሽ ይፈዛል፣ ዓይኗ ሕይወት ያንሰዋል። ግን ያገለገለ ኖት ላይ እውነተኛውም ይፈዛል፣ ስለዚህ ወሳኙ ቁጥሩ ነው። ከቁጥሩ በፊት ያሉትን ፊደሎችና ቀኑን አንድ ላይ ይዘሽ ሰብሳቢዎች ካጠናቀሩት የበርንሃርድ ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። ዝርዝሩ ላይ አለ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ እነሱ የቀዱት በእውነት ከወጡ ቁጥሮች ስለሆነ ያው ፊደል ያለው እውነተኛም ይኖራል። ፊደሉም ፊቷም ወረቀቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ልብሽ የሚያርፈው። ካልሆነ ኖት መርምሮ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ "ኦፕሬሽን በርንሃርድ" ብሎ የሚሰጥ ድርጅት አለ፣ ለአንድ 5 ፓውንድ ወጪው ያዋጣል አያዋጣም ራስሽ አስቢው።

አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የሴትዮዋን ዕንቁ እየቆጠሩ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፅዋን እየሰሙ ነበር አይደል? ሁሉም 1780 ይላል፣ ቀኑ ምንም አይነግርሽም፣ ዕንቁዋ ነው የምትነግርሽ። ይሄም ያው ነው።

ስፒል ቀዳዳ ካየሽ ደግሞ ቀዳዳ አለው ብለሽ እንዳታዝኚ። እንግሊዞች ኖት በስፒል ያያይዙ ነበር፣ ከኋላውም ስም ይጽፉበት ነበር። እስረኞቹም ይሄን ያውቁ ስለነበር አዲሱን ኖት ያስረጁት ነበር፦ ፊት ለፊት በሁለት መስመር ቆመው በቆሸሸ እጅ እየተቀባበሉ፣ እያጠፉ፣ በስፒል እየወጉ። የእኔ ትክክለኛው (አዎ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ትክክለኛ አገኘሁ፣ ከጨረታ ነው፣ ከነወረቀቱ) ግራ ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው፣ አንደኛው ዙሪያ ዝገት ይዟል። አንዳንዴ ማታ አውጥቼ ሳየው ያንን ስፒል ያስገባው እጅ የማን ነበር እላለሁ። ሥራው ቢያልቅ እንደሚገደሉ ያውቁ ነበር፣ ለዚህም ሆን ብለው በተለይ ከፓውንዱ ሌላ የታዘዙትን የዶላር ፎርጅድ ሥራ ያጓትቱ ነበር። በመጨረሻ ወደ ኦስትሪያ ወሰዷቸው፣ በግንቦት 1945 መጀመሪያ ኤበንዜ ካምፕ ላይ ነፃ ወጡ። ክሩገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ወረቀቱን ይሠራ በነበረው ፋብሪካ ሥራ አገኘ ይባላል፣ ይሄን ሳነብ ደሜ ይፈላል።

የተረፈውን ኖት በሳጥን አድርገው ኦስትሪያ ቶፕሊትዝ ሐይቅ ውስጥ ጣሉት፣ በ1959 ጠላቂዎች አወጡት። ስለዚህ "ከሐይቁ የወጣ ነው" እያለ ዋጋ የሚጨምርብሽ ሻጭ ይመጣል። ወረቀት ካላሳየሽ ሐይቁን እርሺው፣ እርጥበት የነካው ወረቀት ሁሉ ቶፕሊትዝ አልገባም። ሌላው ማታለያ የ50 ፓውንዱ ላይ ነው፣ እውነተኛው 50 ከፎርጅዱ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ የጀርመኑን እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። የ5 ፓውንዱ ላይ የሁለቱ ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም፣ ለጀማሪ ጥሩ የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ ብትሳሳቺም ብዙ አትጎጂም።

"ፎርጅድ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ነገር ነው ወይ" ላልሽው፣ ነው፣ ሰፊ ነው። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ1862፣ ሳሙኤል አፕሃም የሚባል የፊላደልፊያ ባለ ሱቅ የደቡቦቹን ብር እያተመ "ማስታወሻ" ብሎ ይሸጥ ነበር፣ ከታች ህዳጉ ላይ ስሙንና አድራሻውን ያትምበታል፣ ገዢው ህዳጉን በመቀስ ቆርጦ እንደ ብር ያወጣዋል። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተቆረጠውን ነው፣ ስለዚህ ህዳግ አትንቂ። በ1925 ደግሞ ፖርቱጋል ውስጥ አልቬስ ዶስ ሬይስ የሚባል ሰው በሐሰት ደብዳቤ እውነተኛውን የለንደን አታሚ አሳስቶ 500 ኤስኩዶ አሳተመ፣ ወረቀቱ እውነተኛ፣ ቀለሙ እውነተኛ፣ ፎርጅዱ ትዕዛዙ ብቻ! እሱንም ያጋለጠው የተደገመ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ግን፣ ዛሬ የሚሠራበትን ብር ፎርጅድ ለስብስብ ነው ብለሽ ቤትሽ እንዳታስቀምጪ፣ ፖሊስ አልበም አይቶ አይምርሽም።

ፎቶ ላኪልኝ፣ ፊትና ጀርባው፣ ጫፎቹ፣ ብሪታኒያ በቅርበት፣ ቁጥሩ በደንብ ይታይ፣ ፍላሽ አታብሪ፣ መስኮት አጠገብ አንሺው። እስከዚያ በቴፕ እንዳትለጥፊው፣ በላጲስ እንዳታሺው፣ ሱቅ ያለው ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥም እንዳትከቺው፣ የሰብሳቢ ስሊቭ (ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ)፣ ማይላር የሚባለው፣ ይሻላል። እና ተጨማዷል ብለሽ ካውያ እንዳታስጠጊው። እኔ የአንድ የ1940ዎቹ ኖት እጥፋት ላስተካክል ብዬ ካውያ አድርጌበት ዋጋው በግማሽ ወርዶ፣ ባለቤቴ አሁንም ሸሚዝ ስተኩስ ባየችኝ ቁጥር "ብርህን ነው?" ትለኛለች።