መልስ፦ የደረጃ ትሬድ እና ጎዪንግ
የቤት መወጣጫ ደረጃ ፕላኑ ላይ ጎዪንግ 280፣ ዲቴሉ (ዝርዝር ሥዕሉ) ላይ ትሬድ 305 ሚሊ ተጽፎ የቱ ልክ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጎዪንግ ከአንዱ መርገጫ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው አግድም ርቀት ነው፤ ትሬድ (የመርገጫው ሙሉ ስፋት) ከላይኛው መርገጫ ጫፍ ስር ተሸፍኖ የሚቀረውን 25 ሚሊም ይጨምራል። የደረጃው አግድም ርዝመት የሚሰላው በጎዪንግ ነው። ከፎቅ እስከ ፎቅ 3060 ሚሊ ለ18 ራይዘር (ከአንዱ መርገጫ እስከ ቀጣዩ ያለው ከፍታ) ሲካፈል ለእያንዳንዱ 170 ይደርሳል። መርገጫው ግን 17 ነው (የመጨረሻው ራሱ የላይኛው ወለል ነው)፣ ስለዚህ 17 × 280 = 4760። በ305 ካባዙት 425 ሚሊ በከንቱ ይጨምራል።

የባሰው ስህተት ራይዘርን ከስላብ እስከ ስላብ (ከባዶ ኮንክሪት ወለል እስከ ባዶ ኮንክሪት ወለል) መለካት ነው። የወለሉ ፊኒሺንግ (ኮንክሪቱ ላይ የሚነጠፈው ልባስ) 50፣ የደረጃው 30 ሚሊ ከሆነ፣ ኮንክሪቱ እኩል 170 ቢወጣም የመጀመሪያው ራይዘር 150፣ የመጨረሻው 190 ይሆናል። ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው። ሁልጊዜ ካለቀለት ወለል እስካለቀለት ወለል ይለኩ።