የማሲንቆ ቆዳና የሚኒሶታ ክረምት

ከሚኒሶታ የጻፉልን ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ የወሰዱት ማሲንቆ ብርድ ሲገባ ድምፁ እየቀጠነ መሄዱን፣ በልጅነታቸው አዝማሪዎች ሲያደርጉ ያዩትን አስታውሰው ማሞቂያ አጠገብ ቢያስቀምጡት ደግሞ የፊቱ ቆዳ በስፌቱ ጠርዝ መቀደዱን ገልጸው፣ ቅባት ይበጀው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አዝማሪዎቹ ያደረጉት ልክ ነበር፤ የተለየው ክረምቱ ነው። በአገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ስለሆነ፣ ያልለፋው ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፤ ጭራውን፣ ማለትም የፈረስ ጸጉር ክሩን፣ ከቆዳው በላይ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት፣ ብርኩማው፣ ይሰምጣል፤ ጭራው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ከመጫወት በፊት እሳት ወይም ፀሐይ ጥቂት ማሳየት ቆዳውን ወደ ውጥረቱ ይመልሰዋል። የሚኒሶታ ክረምት ግን ደረቅ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውኃ ጥቂት በመሆኑ፣ ያው አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ ከቆዳውም ከእንጨቱም እርጥበት ይመጥጣል። ቆዳው ሲኮማተር ብርኩማውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጭራው ይከርራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በዚህ ላይ የማሞቂያው ሙቀት ሲጨመር ውጥረቱ የሚበረታው በስፌቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ነውና የተቀደደው እዚያ መሆኑ አያስገርምም።

ቅባት አይቀቡት። ቅባት ቆዳን ያለሰልሳል፤ ለጫማ የሚበጀው ልስላሴ የማሲንቆን ድምፅ ይገድላል፣ አንዴ ከገባም አይወጣም። በስፌት ጠርዝ የተቀደደ ቆዳ በማጣበቂያም አይጸናም፤ በጥቂት ቀን እንደገና ይተረተራል። ስለዚህ የፊቱን ቆዳ መለወጥ ይኖርብዎታል። ጸጉሩ የተላጨ፣ ያልለፋ፣ ስስ የፍየል ቆዳ ይፈልጉ፤ ለከበሮ የሚሸጠውም ስስ ከሆነ ያገለግላል። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ሙቅ ውኃ ቆዳውን አኮማትሮ ያበላሸዋል። ሲሰፉት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርጥቡን ቆዳ አጥብቆ በመወጠር ነው፤ ቆዳው ሲደርቅ ራሱ ይወጠራልና እጥፋት እስኪጠፋ ብቻ መሳብ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ከፀሐይም ከማሞቂያም ርቆ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ብርኩማ አያቁሙበት።

አዲሱን ቆዳ ለመጠበቅ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ማሲንቆው በሚቀመጥበት ክፍል ያኑሩ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ለቆዳውም ለእንጨቱም ይስማማል፤ ቤትዎ ቫዮሊን ካለም ልኩ ያው ነው፣ የእርሱ እንጨት በድርቀት ይሰነጠቃልና። ከዚያ በታች ከወረደ አየር የሚያረጥብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ተጫውተው ሲያበቁ መቃኛውን አላልተው ብርኩማውን ያጋድሙት፤ ይህን ብቻ አዘውትረው ቢያደርጉ እንኳ ቆዳው ሌሊቱን ሙሉ ጫና ተሸክሞ አያድርም። ሐምሌ ላይ ሚኒሶታ ሲወብቅና ብርኩማው ሲሰምጥ ግን ማሲንቆውን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ያውጡት።